የከርነል ክሪፕቶ ኮድ ላይ የስታቲክ አናላይዘር ማስጠንቀቂያ ሲመጣ፦ ደረጃ በደረጃ አስተራረም

ይህች ጥያቄ አሁንም አሁንም ትመጣብኛለች። «ስማች የሊኑክስ ከርነል ክሪፕቶ ድራይቨር ላይ ሜሞሪ ይፈሳል አለኝ። አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ልላከው?» ስማች ስታቲክ አናላይዘር ነው፤ ኮድን ሳያስኬድ አንብቦ ስህተት የሚፈልግ መሣሪያ። ሜሞሪ ይፈሳል ማለት የተወሰደ ሜሞሪ ሳይለቀቅ ይቀራል ማለት ነው። እኔም ሁሌ በጥያቄ ነው የምመልሰው፦ እዚያ ሜሞሪ ውስጥ ምን ነበር?

ብዙ ጊዜ መልሱ «ቁልፍ» ነው። ማለቴ የምስጠራ ቁልፍ። ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። ባጉን ማረም ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ስለዚያ ነው።

ትዕዛዞችንና የፋንክሽን ስሞችን በአነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። ሁለት ቃል ሆነው የምታዩዋቸው የፋንክሽን ስሞች፣ ለምሳሌ ኬፍሪ ሴንሲቲቭ፣ በመሃላቸው አንደርስኮር አለ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር። ቨርቹዋል ማሽንም ይበቃል። 8 ጊጋ ራምና 40 ጊጋ ያህል ባዶ ዲስክ ቢኖር ሳትጨናነቁ ትሠራላችሁ።
- ጊት፣ ጂሲሲ፣ ሜክ፣ ፍሌክስ፣ ባይሰን፣ እንዲሁም የሊብኤልፍና የኦፕንኤስኤስኤል የዴቨሎፕመንት ፓኬጆች።
- ስማች፣ ስፓርስ እና ኮክሲኔል፤ ሦስቱም ኮድ ፈታሽ መሣሪያዎች ናቸው። ስማችን ከምንጭ ኮዱ ራሳችሁ ገንቡት።
- ለመሞከሪያ ኪውኢሙ (የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ)።
- ጊት ሴንድ ኢሜይል የተስተካከለለት የኢሜይል አካውንት። ጂሜይል ከሆነ የተለመደው ፓስወርድ አይሠራም፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍታችሁ አፕ ፓስወርድ አውጡ።
- ሲ ቋንቋ። ሊቅ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ ፖይንተርና ጎቱ ሲያዩ አለመደንገጥ ይበቃል።

1. ትክክለኛውን ሪፖ አውርዱ

የክሪፕቶ ክፍል አዲስ ሥራ የሚገባው ክሪፕቶዴቭ በሚባለው ሪፖ ነው። ከዚያ ጀምሩ። ዲስትሮው የሰጣችሁን የከርነል ኮድ ይዛችሁ ከጀመራችሁ ባጉ ከወራት በፊት ታርሞ ሊሆን ይችላል። ሎር የሚባለው የከርነል ኢሜይል ማኅደር ላይም የፋይሉን ስም ፈልጉ። ሌላ ሰው ያንኑ እርማት ትናንት ልኮ ይሆናል።

ኔትወርክ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ጊት ክሎን መሃል ላይ ሲቋረጥ ከዜሮ ይጀምራል። ከርነል ዶት ኦርግ ለዚህ ብሎ አንድ ትልቅ የባንድል ፋይል አስቀምጧል። እሱን ደብሊውጌት በሚቀጥል ሁነታ አውርዱት፤ መብራት ቢሄድ እንኳ ከቆመበት ይቀጥላል። ከባንድሉ ክሎን አድርጉና ቀሪውን ከክሪፕቶዴቭ ፌች አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዳታ ለመቆጠብ ብላችሁ በዴፕዝ 1 (የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ፣ ያለ ታሪኩ) ክሎን አታድርጉ። ደረጃ 8 ላይ የኮዱን ታሪክ ትፈልጉታላችሁ። ታሪኩ ከተቆረጠ ጊት ብሌም (መስመሩን ማን እንደነካው የሚያሳየው ትዕዛዝ) ያለምንም እፍረት የተሳሳተ ኮሚት፣ ማለትም የተሳሳተ የለውጥ መዝገብ፣ ይሰጣችኋል።

2. ማስጠንቀቂያውን በራሳችሁ ማሽን አውጡት

ሰው የላከላችሁን ማስጠንቀቂያ ይዛችሁ ወደ ኮዱ አትግቡ። መጀመሪያ ራሳችሁ አውጡት። ካላወጣችሁት መጨረሻ ላይ «ጠፋ» ብትሉ ትርጉም የለውም።

ኮንፊጉን በሜክ ኦልሞድኮንፊግ አዘጋጁ። ይህ ኮምፓይል ቴስት የሚባለውን ምርጫ ያበራል። ስለዚህ ለአርም ቺፕ የተጻፉ ብዙ የክሪፕቶ ድራይቨሮች ኢንቴል ላፕቶፕ ላይም ይገነባሉ። ድራይቨሩ ኮንፊግ ውስጥ ካልተመረጠ ፎልደሩን ብትገነቡም ፋይሉ ሳይነካ ይታለፋል። ከዚያ «ንጹሕ ነው» ብላችሁ ትሸወዳላችሁ።

ስማችን በኬቼከር ስክሪፕቱ በአንድ ፋይል ላይ ብቻ ማሮጥ ይቻላል። ስፓርስ ከሆነ ሜክ ላይ ሲ=2 ጨምሩ። ሲ=1 አዲስ የሚገነባውን ፋይል ብቻ ነው የሚያየው። ፋይሉ ቀድሞ ተገንብቶ ከሆነ ምንም አይናገርም። ለኮክሲኔል ሜክ ኮክሲቼክ በሪፖርት ሁነታ በቂ ነው። የሚወጣውን ሁሉ ወደ ፋይል አስቀምጡት፣ ኋላ ታወዳድሩታላችሁ።

3. ፋንክሽኑን ከላይ እስከ ታች አንብቡ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መሣሪያው አንድ የመስመር ቁጥር ይሰጣል፣ ሰውም ያንን መስመር ብቻ ያያል። መስመሩ ግን ችግሩ የታየበት ቦታ ነው፤ የተፈጠረው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ለማሳያ አንድ ሴትኪ ፋንክሽን እንውሰድ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እውነተኛ ድራይቨሮች ውስጥ ግን ቅርጹ ሞልቷል። ሥራው የተጠቃሚውን ቁልፍ ለምስጠራ ሃርድዌሩ ማስረከብ ነው። ዲኤምኤ ማለት ሃርድዌሩ ያለ ሲፒዩ ራሱ ሜሞሪ የሚያነብበት መንገድ ነው፤ ማፕ ማድረግ ሜሞሪውን ለዚያ ማዘጋጀት ነው። ማይነስ ኢኖሜም «ሜሞሪ የለም» የሚል የስህተት ቁጥር ነው።

ሀ. ቁልፉን በኬሜምደፕ ወደ አዲስ ሜሞሪ ቅዳ። ካልተሳካ ማይነስ ኢኖሜም መልሰህ ውጣ።
ለ. ሜሞሪውን ለዲኤምኤ ማፕ አድርግ። ካልተሳካ ማይነስ ኢኖሜም መልሰህ ውጣ።
ሐ. ትዕዛዙን ለሃርድዌሩ ላክ። ካልተሳካ የስህተት ቁጥሩን መልሰህ ውጣ።
መ. ማፑን አንሳ።
ሠ. ሜሞሪውን በኬፍሪ ልቀቅ።
ረ. ዜሮ መልስ።

ቁልፉ ለምን ይቀዳል? ጠሪው የሰጠን ፖይንተር ስታክ ላይ ሊሆን ይችላል። ስታክ ደግሞ ለዲኤምኤ አይሰጥም። ስለዚህ ኮፒው «ትርፍ» መስሏችሁ እንዳታጠፉት። እንዲህ ያለ ፓች (ለመላክ የተዘጋጀ የኮድ ለውጥ) አይቻለሁ፤ ማስጠንቀቂያውን በእርግጥ አጥፍቶታል።

አሁን እስክሪብቶ አንሱ። እያንዳንዱ መውጫ ላይ ምን ይዘን እንደምንወጣ ጻፉ። ሀ ላይ ብንወድቅ ምንም አልያዝንም። ለ ላይ ብንወድቅ የቁልፉን ኮፒ ይዘናል። ሐ ላይ ብንወድቅ ኮፒውንም ማፑንም ይዘናል።

ስማች ምናልባት ለ ላይ ብቻ «ፖሲብል ሜሞሪ ሊክ» ይላል። ወረቀታችሁ ግን ሦስት ባግ ያሳያችኋል። ለ ላይ ኮፒው ይፈሳል። ሐ ላይ ኮፒውም ማፑም ይፈሳሉ። ሦስተኛው መሣሪያው ያልጠረጠረው ነው፦ ሠ ላይ ሁሉም ነገር ተሳክቶ እያለ እንኳ ቁልፉ ሳይጠፋ ሜሞሪው ይለቀቃል። ኬፍሪ ሜሞሪውን ይመልሳል እንጂ ውስጡን አያጸዳም። ቤት ሲለቁ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። ቀጥሎ ያንን ሜሞሪ የሚወስደው ኮድ ያልተጻፈበትን ባይት በስህተት ወደ ውጭ ቢያወጣ፣ የሚወጣው የሰው ቁልፍ ነው።

4. እውነት ባግ መሆኑን ወስኑ

ስታቲክ አናላይዘር ኮዱን ሳያስኬድ ነው የሚፈርደው። ይሳሳታል። ከማረማችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ።

አንደኛ፣ ሜሞሪው የተወሰደው በዴቭኤም ፋንክሽኖች ነው? ስማቸው በዴቭኤም የሚጀምር ፋንክሽኖች ሜሞሪውን ከዲቫይሱ ጋር ያስሩታል። ዲቫይሱ ሲነሳ በራሱ ይለቀቃል። እናንተ ኬፍሪ ብትጨምሩበት ሁለቴ ይለቀቃል፤ ይህ ደግሞ ከመፍሰስ የባሰ ባግ ነው።

ሁለተኛ፣ ፖይንተሩ ሌላ ቦታ ተቀምጧል ወይ? ብዙ ድራይቨሮች የቁልፉን ኮፒ ኮንቴክስቱ (ድራይቨሩ የራሱን መረጃ የሚይዝበት ስትራክት) ውስጥ ያስቀምጡና በኤግዚት ፋንክሽኑ ይለቁታል። እንዲህ ከሆነ መሣሪያው «ፈሰሰ» ቢልም ባለቤት አለው። የስህተት መንገዱ ላይ ለቅቃችሁት ኮንቴክስቱ ውስጥ ያለውን ፖይንተር ባዶ ካላደረጋችሁት ኤግዚት ድጋሚ ይለቀዋል። የኔ የመጀመሪያ ፓች የወደቀው በዚህ ነው። መላሹ ሰውዬ አንድ መስመር ብቻ ነበር የጻፈልኝ፦ ባለቤቱ ማነው? ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ማታ ኮዱን ስከፍተው ልክ ነበር።

የውሸት ማስጠንቀቂያ ከሆነ ተዉት። መሣሪያውን ለማስደሰት ብቻ ኮድ አትቀይሩ።

5. እርማቱን ጻፉ

ከርነል ውስጥ የተለመደው ዘዴ በጎቱ ወደ ማጽጃ ሌብሎች መዝለል ነው። ቅደም ተከተሉ የግድ የተገላቢጦሽ ይሆናል። አይሱዙ ላይ ኩንታል ሲጫን መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ እንደሚወርደው ማለት ነው።

ምሳሌያችን ከታረመ በኋላ (ሬት የሚመለሰውን ቁጥር የሚይዝ ቫሪያብል ነው)፦

ሀ. ቁልፉን ቅዳ። ካልተሳካ ማይነስ ኢኖሜም መልሰህ ውጣ።
ለ. ማፕ አድርግ። ካልተሳካ ሬት ላይ ማይነስ ኢኖሜም ጻፍና «ቁልፍ ልቀቅ» ወደሚለው ሌብል ዝለል።
ሐ. ትዕዛዙን ላክ፣ ውጤቱን ሬት ላይ ያዝ።
መ. ማፑን አንሳ።
ሠ. «ቁልፍ ልቀቅ»፦ ሜሞሪውን በኬፍሪ ሴንሲቲቭ ልቀቅ።
ረ. ሬትን መልስ።

ሐ ቢሳካም ባይሳካም ወደ መ ይወርዳል። የተለየ መንገድ አያስፈልገውም። ኮዱም አጠረ።

ሦስት ነጥቦች ላይ ቆም በሉ።

ሬት ላይ የስህተት ቁጥሩን መጻፍ እንዳትረሱ። ቀድሞ ቀጥታ ሪተርን ስለነበር ቁጥሩ አብሮት ነበር። ወደ ጎቱ ስትቀይሩ ቁጥሩ ይጠፋል። ሬት ዜሮ ሆኖ ከወጣ ሴትኪ «ተሳክቷል» ብሎ ይመልሳል፣ ቁልፉ ግን ሃርድዌሩ ጋ አልደረሰም። ጠሪው አምኖ ይቀጥላል። ዳታው በድሮ ቁልፍ ወይም በዜሮዎች ይመሰጠር ይሆናል። ሊክ ለማረም ገብታችሁ ምስጠራውን ሰበራችሁት ማለት ነው።

ማፑ ሜሞሪው ከመለቀቁ በፊት ይነሳ። ማፕ እስካለ ድረስ ሜሞሪው የዲቫይሱ ነው፤ ሲፒዩ እንዳይነካው ነው ደንቡ። ኬፍሪ ሴንሲቲቭ ደግሞ ዜሮ ይጽፍበታል። ከተለቀቀ በኋላ ሜሞሪውን ሌላ ኮድ ይወስደዋል፣ ዲቫይሱ ግን አሁንም ሊያነበው ይችላል። ሐ የወደቀው ጊዜው አልፎበት ከሆነ ሃርድዌሩ ገና እያነበበ ሊሆን ይችላል። ድራይቨሩ ትዕዛዙን የሚያስቆምበት መንገድ ካለው መጀመሪያ ያስቁም።

ኬፍሪ ሴንሲቲቭን ምረጡ። ሜሞሪውን በዜሮ ሞልቶ ነው የሚለቀው። ባዶ ፖይንተር ቢሰጠውም አይወድቅም። ከ2020 በፊት በተጻፈ ኮድ ኬዚፍሪ የሚል ካያችሁ ያው እሱ ነው፤ በ5.9 ከርነል ስሙ ተቀየረ። ሜምሴት አድርጌ በኬፍሪ ልቀቀው የሚል አለ። አይሆንም። ኮምፓይለሩ «ከዚህ በኋላ የሚያነበው የለም» ብሎ ሜምሴቱን ሊያጠፋው ይችላል። ስታክ ላይ ላለ የቁልፍ ባፈር ደግሞ ሜምዜሮ ኤክስፕሊሲትን ተጠቀሙ፤ እሱን ኮምፓይለሩ አይሰርዘውም።

6. ወንድሞቹን ፈልጉ

የድራይቨር ኮድ ኮፒ ፔስት ይወዳል። ሃሽ ላይ ያለው ባግ ኤኢኤዲ (ምስጠራና ማረጋገጫ አንድ ላይ የሚሠራው) ፋይል ውስጥም አለ ብላችሁ ገምቱ። ጊት ግሬፕ አድርጉ። ያው ባግ በአንድ ድራይቨር ውስጥ ከሆነ አንድ ፓች ይበቃዋል። ሌላ ድራይቨር ከሆነ የተለየ ፓች፤ የሚያየው ሰውም የገባበት ኮሚትም ይለያያሉ።

7. ገንቡ፣ ድጋሚ ፈትሹ፣ አስኪዱ

ፋይሉን በደብሊው=1 (ተጨማሪ የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ በሚያወጣው) ገንቡት። አናላይዘሩን ድጋሚ አሩጡና ደረጃ 2 ላይ ካስቀመጣችሁት ጋር አወዳድሩ። የድሮው መጥፋቱን ብቻ አትዩ፣ አዲስ መምጣቱንም እዩ። «ሚሲንግ ኤረር ኮድ» የሚል አዲስ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ሬትን ረስታችኋል።

ሃርድዌሩ ከሌላችሁ ማስኬድ አትችሉም። ነውር የለውም። «ኮምፓይል ቴስት ብቻ ተደርጓል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ያልሞከራችሁትን ሞከርኩ ማለት ግን ነውር ነው።

ኮዱ በሶፍትዌር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ምክንያት የላችሁም። ኪውኢሙ ውስጥ ካሳንን (የሜሞሪ ስህተት ያዥ)፣ ኬሜምሊክን (የፈሰሰ ሜሞሪ ፈላጊ) እና ፎልት ኢንጀክሽንን (ጥሪዎችን ሆን ብሎ የሚያስወድቅ) ያበራ ከርነል አስነሱ። ፓይተን ከ3.6 ጀምሮ ኤኤፍ አልግ ሶኬትን (የከርነሉን ክሪፕቶ ለተራ ፕሮግራም የሚከፍተውን) ያውቃል፤ በጥቂት መስመር ሴትኪን ከዩዘርስፔስ መጥራት ይቻላል። ፌይል ኤንቲኤች በሚባለው የፕሮክ ፋይል ላይ ቁጥር ስትጽፉ ያንን ያህለኛውን ጥሪ ያስወድቀዋል። 1 ብላችሁ ሞክሩ፣ 2፣ 3 እያላችሁ ቀጥሉ። እንዲህ እያንዳንዱ የስህተት መንገድ በተራው ይነካል። ካሳን ሁለቴ መልቀቅን ይይዛል። ኬሜምሊክን ሁለት ጊዜ ስካን አስደርጉት፤ ገና የተወሰደን ሜሞሪ ወዲያው ሪፖርት አያደርግምና የመጀመሪያው ስካን ባዶ ቢሆን አትደሰቱ።

በመጨረሻም ፕሮክ ስር ያለውን የክሪፕቶ ፋይል ክፈቱና ሴልፍቴስት የሚለው መስመር «ፓስድ» ማለቱን እዩ። ይህ መስመር ዋጋ የሚኖረው የክሪፕቶ ሴልፍቴስቶች ኮንፊግ ላይ ከበሩ ነው።

8. ባጉን ያስገባውን ኮሚት አግኙ

የኮሚት መልእክቱ ውስጥ «ፊክስስ» የሚለው መስመር የኮሚቱን መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደልና ርዕሱን ይይዛል። የስቴብል ከርነል ሰዎች (የተለቀቁ ቨርዥኖችን በእርማት የሚጠብቁት) እርማቱ ወደየትኞቹ ቨርዥኖች መመለስ እንዳለበት የሚያውቁት በዚህ ነው።

ጊት ብሌም የሚያሳያችሁ መስመሩን መጨረሻ የነካውን ነው። ያ ሰው ባዶ ቦታ (ስፔስና ታብ) ብቻ አስተካክሎ ይሆናል። ባጉ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ።

9. የኮሚት መልእክት

ርዕሱ በክሪፕቶ ክፍል የራሱ ቅርጽ አለው፦ ክሪፕቶ፣ ሁለት ነጥብ፣ የድራይቨሩ ስም፣ ሰረዝ፣ ከዚያ የተደረገው ነገር በትዕዛዝ አንቀጽ። ሌሎች ክፍሎች ሰረዟ ቦታ ሌላ ሁለት ነጥብ ያደርጋሉ፤ እዚህ ሰረዝ ነው።

ከሥሩ አራት ነገር በአጭሩ፦ ምን ሲወድቅ ምን ይፈሳል፣ ምን ጉዳት አለው፣ በየትኛው መሣሪያ ተገኘ፣ እንዴት ተሞከረ። መስመሮቹ ከ75 ፊደል አይለፉ። የስማችን ማስጠንቀቂያ ገልብጦ መለጠፍ ብቻ ማብራሪያ አይደለም።

ከዚያ ሳይንድ ኦፍ ባይ፤ ኮዱን የመላክ መብት እንዳላችሁ በስማችሁ የምታረጋግጡበት መስመር። የእኛ ስም በላቲን ፊደል አራት ዓይነት ይጻፋል። አንዱን ምረጡና ሁሌ በሱ ጻፉ፤ አለበለዚያ የኮሚት ታሪክ ውስጥ አራት ሰው ትሆናላችሁ።

10. ላኩ

የፓቹን አጻጻፍ የሚፈትሸውን ቼክፓች ስክሪፕት በስትሪክት አሩጡ። ጌት ሜንቴነር የሚለው ስክሪፕት ለማን እንደሚላክ ይነግራችኋል፤ የሊኑክስ ክሪፕቶ ዝርዝሩን ጨምሮ። መጀመሪያ ለራሳችሁ ላኩት። የደረሳችሁን ኢሜይል በጊት ኤኤም ንጹሕ ሪፖ ላይ ጫኑት። ከገባ ደህና ነው። ከብሮውዘር ኮፒ አድርጎ መላክ ታቦችን ያበላሻል፤ ፓቹ አይገባም።

ማስጠንቀቂያ፦ ባጉን ተራ ተጠቃሚ ሊቀሰቅሰውና ሜሞሪ ሊያበላሽበት የሚችል ከሆነ ወደ አደባባይ ዝርዝር አትላኩት። ለከርነል ሴኩሪቲ ቡድን በግል ላኩ።

ከዚያ ጠብቁ። ሁለት ሳምንት ዝም ቢሉ የተለመደ ነው። አስተያየት ከመጣ ቨርዥን 2 አዘጋጁና ምን እንደተቀየረ ፓቹ ውስጥ ከኮሚት መልእክቱ ቀጥለው ከሚመጡት ሦስት ሰረዞች በታች ጻፉ። እዚያ የተጻፈ ነገር ኮሚቱ ውስጥ አይገባም። «ፓች አፕላይድ፣ ታንክስ» የምትል አጭር ኢሜይል ከደረሳችሁ ገብቷል፤ ረጅም ምስጋና አትጠብቁ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ክሪፕቶ አሎክ ሻሽና መሰሎቹ (አልጎሪዝም በስሙ የሚያስከፍቱ ፋንክሽኖች) ሲወድቁ ባዶ ፖይንተር አይመልሱም። የስህተት ቁጥሩን ፖይንተር አስመስለው ነው የሚመልሱት። አልጎሪዝሙ ከሌለ ማይነስ 2 ይመጣል። ባዶ መሆኑን ብቻ የሚጠይቅ ኮድ ማይነስ 2ን ትክክለኛ አድራሻ ብሎ ያልፈዋል፣ ቀጥሎ ሲነካው ከርነሉ ኡፕስ ይላል፣ ማለትም ይሰናከላል። በኢዝ ኤረር ፈትሹ።

ይህንኑ ለማረም ብሎ ለጥንቃቄ ኢዝ ኤረር ኦር ነል መጠቀም። ፒቲአር ኤረር ከፖይንተሩ የስህተት ቁጥር የሚያወጣው ነው፤ ባዶ ፖይንተር ላይ ዜሮ ነው የሚሰጠው። ዜሮ ደግሞ ተሳክቷል ማለት ነው።

ሬትን ከላይ ሲታወጅ ዜሮ ብሎ መጀመር። «አንኢኒሻላይዝድ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይጠፋል፣ ባጉ ግን «ተሳክቷል» የሚል ልብስ ለብሶ ይቀመጣል።

የማረጋገጫ ታግ (ዳታው አለመነካካቱን የሚያሳየው ቁራጭ) በሜምኮምፕ ሲወዳደር አይቶ ማለፍ። እዚያው ፋንክሽን ውስጥ ካያችሁት በክሪፕቶ ሜምኔክ ይተካ፤ ሜምኮምፕ የመጀመሪያውን ልዩነት ሲያገኝ ስለሚያቆም የወሰደው ጊዜ ራሱ ወሬ ያወጣል። ግን በሌላ ፓች። ሁለት እርማት በአንድ ኢሜይል ከላካችሁ ለመጀመሪያው የምትሰሙት መልስ «ለያይተህ ላከው» ነው።

የፍሪ አትሪቢዩት የሚባለውን አዲሱን አውቶማቲክ ማጽጃ በእርማት ፓች ውስጥ ማስገባት። ያምራል፣ ግን ዋናው ከርነል ውስጥ የገባው በ6.5 ነው። ወደ አሮጌ ስቴብል ሲመለስ ላይገነባ ይችላል። ለእርማቱ ጎቱውን ተጠቀሙ፣ ማሳመሩን ለሌላ ቀን።